የባዶ እጅ ትምህርት ቤት

በዛሬው ንግግራችን ካራቴ የሚባለው በባዶ እጅ ራስን የመከላከል ጥበብ ከየት እንደ ተነሣ፥ በእነማን ትጋት ወደ ትምህርት ቤት እንደ ገባና ምን ፍሬ እንዳፈራ ባጭሩ እንገልጻለን። ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም ለእኛም ይጠቅመናል። በዲላም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን አንድ ልጅ ካራቴ ልማር ብሎ ፈቃድ ቢጠይቅ፥ አንዱ አባት ልጄ ጠብ ሊማር ነው ብሎ ይሠጋል፤ ሌላው ደግሞ ሜዳልያ ያመጣልኛል ብሎ ደስ ይለዋል። ከሁለቱ ማንኛቸው እንደ ተሳሳቱ ለመፍረድ የትምህርቱን ምንጭ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ካራቴ የተወለደው ከጃፓን በስተደቡብ በምትገኘው በኦኪናዋ ደሴት ነው። ኦኪናዋ በቀድሞ ዘመን የሪዩኪዩ መንግሥት መናገሻ ስትሆን፥ ከቻይናም ከጃፓንም ጋራ ትነግድ ስለ ነበረ ከሁለቱም ብዙ ዕውቀት ቀስማለች። በ1609 የሳትሱማ መሳፍንት ወረሯት፤ በ1879 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ንጉሡን ከዙፋኑ አውርዶ አገሩን ከጠቅላይ ግዛቶቹ እንደ አንዱ አደረጋት። የደሴቲቱ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን የእጅ ጥበብ ከቻይና ከመጣው ጋራ አዋሕደው አሳደጉት። ነገር ግን ትምህርቱ ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም። መምህሩ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ብቻ መርጦ፥ ብዙ ጊዜም በሌሊት፥ በግቢው ውስጥ ተሰውሮ ያስተምር ነበር።

ይህን የተሰወረ ዕውቀት ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንደኛው አንኮ ኢቶሱ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ የሪዩኪዩ ንጉሥ ጸሐፊ እንደ ነበረ ይነገራል። በ1901 ካራቴ በሹሪ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገ፤ ለሕፃናት ዐቅም የሚስማሙ አጫጭር የእንቅስቃሴ ሥርዓቶችንም አዘጋጀ። በ1908 የትምህርቱን ጥቅም በዐሥር ክፍል ዘርዝሮ ለባለሥልጣኖች ደብዳቤ ጻፈ። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ማስታወሻ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ልናስተውል ይገባናል፤ በጥቂት ቤተ ሰቦች ግቢ ተዘግቶ የነበረው ጥበብ የሕዝብ ትምህርት ለመሆን የበቃው በጡጫ ብርታት ብቻ ሳይሆን በብዕርም ጭምር ነው።

የኢቶሱን ሥራ ወደ ዋናው ጃፓን ያደረሰው ደቀ መዝሙሩ ጊቺን ፉናኮሺ ነው። ፉናኮሺ በ1868 በሹሪ ተወለደ፤ በልጅነቱም ሰውነቱ ደካማ ነበረ። ካደገ በኋላ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ። ቀን ተማሪዎቹን ሲያስተምር ውሎ ሌሊት ወደ ሌላው መምህሩ ወደ አንኮ አዛቶ ግቢ ይሄድ ነበር። በዚያም ካታ የሚባለውን ተከታታይ የእንቅስቃሴ ሥርዓት ይለማመዳል። አንዱን ካታ በሚገባ እስኪያውቀው ድረስ ለወራት ይደጋግመዋል እንጂ ወደ ሌላው ለመሻገር አይፈቀድለትም። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ያገራችንን ምሳሌ በሥራ የፈጸመ ሰው ነው።

በ1922 በቶኪዮ በትምህርት ሚኒስቴር አዘጋጅነት የሰውነት ማጐልመሻ ትርኢት በተደረገ ጊዜ ፉናኮሺ የደሴቱን ጥበብ እንዲያሳይ ተልኮ መጣ። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖም ጋብዞት በትምህርት ቤቱ ውስጥ አሳየ። ፉናኮሺ ቶሎ ወደ አገሩ ለመመለስ ዐስቦ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱን የሚሹ ሰዎች ስለ በዙ በዚያው ቀረ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፥ በሹሪ የተከበረ መምህር ሳለ፥ በቶኪዮ የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያድሩበት ቤት ተጠግቶ እየጠረገና በር እየጠበቀ ኖረ። በ1924 በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የተማሪዎች የካራቴ ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም እንደ ጁዶ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁር ቀበቶ ማዕርግ ሰጠ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን በጐበኙበት ወራት ይህ ሰው በዚያችው ከተማ በትሕትና ያስተምር ነበር።

በ1930ዎቹ ዓመታት ደቀ መዛሙርቱ ገንዘብ አዋጥተው የራሱን ማሠልጠኛ ቤት ሠሩለት። ቤቱንም በብዕር ስሙ ሾቶካን አሉት። ሾቶ ማለት የጥድ ዛፎች በነፋስ ሲወዛወዙ የሚሰጡት ድምፅ ነው፤ ካን ማለትም አዳራሽ ነው። ካራቴ የሚለው ቃል ቀድሞ የቻይና እጅ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ፉናኮሺ ግን ባዶ እጅ የሚል ትርጓሜ ባለው ፊደል እንዲጻፍ አደረገ። ባዶነቱም መሣሪያ አለመያዝ ብቻ ሳይሆን ልብን ከትዕቢትና ከክፋት ባዶ ማድረግ እንደ ሆነ አስተማረ። ትምህርቱ በአክብሮት ተጀምሮ በአክብሮት እንዲፈጸም፥ ተማሪውም ቀድሞ እጁን እንዳይሰነዝር አጥብቆ አዘዘ።

ከዚህ በኋላ ታላቅ መከራ አገኘው። በ1945 ማሠልጠኛ ቤቱ በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ተተኪ ይሆነኛል ያለው ልጁ ዮሺታካ ሞተ፤ በ1947 ደግሞ ባለቤቱ ዐረፈች። ይሁን እንጂ ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው በ1949 የጃፓን ካራቴ ማኅበርን ሲያቋቁሙ በሽምግልናው የክብር አለቃቸው ሆነ። ግድግዳው ቢቃጠልም ትምህርት ቤቱ በሰዎቹ ልብ ውስጥ ነበርና አልጠፋም።

ፉናኮሺ ተማሪዎቹ ለማሸነፍ ሲሉ እርስ በርሳቸው እንዲወዳደሩ አይወድም ነበር። በ1957 በሚያዝያ ወር ሞተ፤ በጥቅምት ወር ማኅበሩ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር አደረገ። ውድድሩን የነቀፉት ደቀ መዛሙርት ከሌሎቹ ተለዩ። እነሆ፥ ሜዳልያ ወይስ ጠባይ የሚለው ክርክር በራሱ ቤት ተነሣ። ውድድሩ ግን እያደገ ሄዶ በ1970 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በቶኪዮ ተደረገ፤ በ2021ም ካራቴ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ገባ። የተደረገበት አዳራሽ ኒፖን ቡዶካን፥ ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ላሸነፈበት ለ1964 ኦሊምፒክ፥ ለጁዶ ግጥሚያ የተሠራው ነው። በ2024 በፓሪስ ግን ካራቴ ከውድድሮቹ ዝርዝር አልገባም።

በ2021 በዚያ አዳራሽ የተፈጸመ አንድ ነገር ክርክሩን ለመፍታት ይረዳናል። በከባድ ሚዛን የፍጻሜ ግጥሚያ የሳዑዲ ዓረቢያው ታሬግ ሐመዲ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴህን 4 ለ1 ይመራ ነበር። ድል ሲቃረብ ጭንቅላቱን በእግሩ መትቶ ራሱን አስቶ ጣለው። ዳኞቹም ምቱ ያልተገታ ነው ብለው ሐመዲን ከግጥሚያው አስወጡ፤ ወርቁም በቃሬዛ ለወጣው ሰው ተሰጠ። ብዙ ሰው በፍርዱ ተደነቀ፤ ነገር ግን እጁንና እግሩን መግታት ያልቻለ ሰው አሸናፊ አይባልም የሚለው የጥንቱ ሕግ በወርቅ ፊት እንኳ ጸንቶ መገኘቱን መካድ አይቻልም።

ይህ ትምህርት ለጌዴኦ ምድር እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ሕዝብ ባሌ በሚባለው ጥንታዊ የዕድሜ እርከን ሥርዓት ወጣቱን ከደረጃ ወደ ደረጃ እያሳደገ ኀላፊነት ሲያሸክም ኖሯል፤ ጠብ ሲነሣም ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው በቃል ይዳኛሉ። እንሰቱንና ቡናውን ከታላላቅ ዛፎች ጋራ አስማምቶ ያቈየው ይህ ሕዝብ፥ መልክዐ ምድሩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ያለ መከራ ባየ አገር ውስጥ ወጣትን ቁጣውን እንዲገታ ማስተማር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም።

እንግዲህ የካራቴ ትምህርት ቤትን የሚመረምር ወላጅም ሆነ ሹም በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜዳልያ ብቻ አይቍጠር። መምህሩ ሲያርም ይዘልፋልን፥ ወይስ ያስተምራል? ታላቁ ተማሪ ታናሹን ይደግፈዋልን፥ ወይስ ይመታዋል? ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትሑት ሆኖ ነውን፥ ወይስ ጕልበተኛ? ብሎ ይጠይቅ። መልሱ መልካም ከሆነ የሚሠጋው አባት ይረጋጋ፤ ሜዳልያ የሚጠብቀውም ከሜዳልያ የሚበልጠውን እንዳገኘ ይወቅ።