ሞተሯ ለሰው ሜዳ ስትዘጋጅ

ሰሞኑን ጋራዥ የከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ጃፓኖች ሞተር ሳይክል የሠሩት ከፈረንጅ ገልብጠው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከ1954 ልጀምረው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሆንዳ ሚኪዮ ኦሙራ የሚባል አሽከርካሪ ከአንዲት 125 ሲሲ ሞተር ጋር ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ድረስ ላከ። ኦሙራ ውድድሩን ጨረሰ፤ የወጣው ግን 13ኛ ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ ይህን አይቶ «በቃ፣ አይሆንልንም» የሚል ሰው አልነበረም። በማርች ወር ለሠራተኞቹና ለነጋዴዎቹ መግለጫ አወጣ፤ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር በሚባለው በማን ደሴት ቲቲ እንወዳደራለን፣ እናሸንፋለንም አለ። ማን ደሴት በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ውድድሩ የሚካሄደውም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሜዳ ላይ ሳይሆን በመኪና መንገድ ላይ ነው፤ የድንጋይ አጥሩ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ የስልክ እንጨቱ ሁሉ እንዳለ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ቃል የተነገረው ኩባንያው ጥሩ ገንዘብ በያዘበት ጊዜ አይደለም። 1954 ለሆንዳ የጭንቅ ዓመት ነበር። ሽያጭ ወደቀ፣ አዲሶቹ ሞዴሎች ችግር በችግር ሆኑ፣ ዕዳው አፈጠጠ። የገንዘቡንና የገበያውን ነገር የያዘው ታኬኦ ፉጂሳዋ ከባንክና ከዕቃ አቅራቢዎች ጋር ሲለማመጥና ሲከራከር ነው የከረመው። ለእኔ መግለጫውን ትልቅ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ በሚሰጋበት ወር ስለ ሩቅ ደሴት ማውራት ወይ እብደት ነው ወይ ድፍረት።

በጁን ሶይቺሮ ራሱ ማን ደሴት ሄዶ ውድድሩን አየ። ደነገጠ። የጀርመኑ ኤንኤስዩ በዚያ ዓመት በ125ም በ250ም ክፍል አሸነፈ። በተመሳሳይ መጠን የሚሠሩት የአውሮፓ ሞተሮች የእሱን ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት ያወጡ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? የቻለውን ያህል ዕቃ ገዛ፤ የውድድር ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሰንሰለት፣ ካርቦራተር። ሻንጣው ለአውሮፕላን ከተፈቀደው ክብደት ሲያልፍበት ልብሱን አውጥቶ ደራርቦ ለበሰና ብረቱን በሻንጣ ይዞ አገሩ ገባ።

እንግዲህ «ገልብጠዋል» የሚለው ወሬ ከዚህ ይነሳል። በኋላም ከጣሊያኑ ሞንዲያል አንድ የ125 ውድድር ሞተር ገዝተው ወስደዋል። ዛሬም በሆንዳ ሙዚየም ቆማ ትታያለች፤ አልደበቋትም። ግን ቸርኬና ሰንሰለት በሻንጣ ይገባል። ጎማው በምን ዓይነት አስፋልት ላይ፣ በምን ዓይነት ኩርባ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን በሻንጣ አይገባም። በሰው ሜዳ ለመወዳደር ሲዘጋጁ የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው።

አገራቸው ውስጥ ምን ነበራቸው? አሳማ የሚባል እሳተ ገሞራ ሥር ባለው ደጋ ላይ በ1955 እና በ1957 የጃፓን ፋብሪካዎች ተወዳድረዋል። መንገዱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋና ኮረት ነው። ፈጣኑ አሽከርካሪ በአቧራ ላይ እያንሸራተተ መታጠፍ የሚችል ነበር። ሆንዳ በ1958 ደግሞ በቶኪዮ አጠገብ በአራካዋ ወንዝ ዳር የራሱን መሞከሪያ መንገድ ሠራ። ቀጥ ያለ ነው። ፍጥነት ለመለካት ግሩም፣ ኩርባ ለመማር ግን ምንም። ስለዚህ ሞተሩን እቤታቸው ማዘጋጀት ይችሉ ነበር፤ የቀረውን ግን አይችሉም።

ሞተሩን በእውነት አዘጋጁት። ለ1959 የሠሯት ማሽን አርሲ141 ትባላለች። 125 ሲሲውን ለሁለት ፒስተን ከፈሉት። የእያንዳንዱ ፒስተን ስፋት 44 ሚሊሜትር፣ ምቱ 41 ሚሊሜትር ነው፤ የቡና ስኒ ማለት ነው። ትንሽ ፒስተን ሲሆን በፍጥነት መመላለስ ይችላል፤ ሞተሯ በደቂቃ እስከ 13,000 ዙር አካባቢ ትዞር ነበር። እዚህ ላይ ግን ቫልቩ ያስቸግራል። በዚያ ፍጥነት ከባድ ቫልቭን ሞላው መልሶ ሊዘጋው አይደርስም፣ ቫልቩ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ አንዳንዴም ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ለአንድ ፒስተን ሁለት ትልልቅ ቫልቭ ከማድረግ አራት ትንንሽ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ቀላል ስለሆነ ሞላው ይደርስበታል፤ የአየሩም መግቢያ በጠቅላላው ይሰፋል። ቡድኑ ባለ ሁለት ቫልቩን ይዞ ሲሄድ አገር ቤት የቀሩት መሐንዲሶች አራት ቫልቭ ባለው ቴስታታ ላይ ይሠሩ ነበር። እሱም ተከትሏቸው ደሴቱ ላይ ደረሰ፣ መካኒኮቹ እዚያው ፈትተው ገጠሙት፣ ማሽኗም አርሲ142 ተባለች። (እስቲ አስቡት፤ የዓለም ውድድር ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ቴስታታ መቀየር! እኔ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።)

መቼም ጋራዥ የዋላችሁ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ሞላ፣ ፍሪሲዮን እያልን የምንጠራው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። በዚያ ዘመን በትንንሽ ሞተሮች ውድድር የሚፈራውም ኤምቪ አጉስታን የያዘው ጣሊያን ነበር። ሞንዲያል፣ ጊሌራና ሞቶ ጉዚ በ1957 መጨረሻ ወጪው በዝቶብናል ብለው ከውድድር ወጥተዋል። ጃፓኖቹ የመጡት በሩ ትንሽ ገርበብ ባለበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል።

የቡድኑ መሪ ኪዮሺ ካዋሺማ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ውድድሩ ጁን 3 ሆኖ ሳለ አንድ ወር ያህል ቀድመው ደረሱ። የ125ቱ ክፍል የሚሮጠው ክሊፕስ በሚባለው 17.4 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዙሪያ ነበር፤ ዐሥር ዙር፣ በጠቅላላው ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ሰዓት በተራ የመንገድ ሞተር እየዞሩ ኩርባ በኩርባ አጠኑት። ይሄ አንድ ወር ለእኔ ከአራቱ ቫልቭ ይበልጣል።

ምክንያቱም የሰው ሜዳ ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጀምራል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ በባሕር ዳር አየሩ ወፍራም ስለሆነ ካርቦራተሩ እንደገና ይስተካከላል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የወረደ ሾፌር መኪናው ትንፋሽ እንደምታገኝ ያውቃል። የሰንሰለቱ ጥርስም እንደዚያው ነው። ቀጥታ መንገዱ አጭር ከሆነ ከፍተኛ ፍጥነት ትርፍ ነው፤ ከኩርባ ፈንጥራ የምትወጣ ሞተር ትሻላለች። ለዚያ የኋላውን ጥርስ ማብዛት፣ የፊቱን መቀነስ ነው። ግን ስንት? ይሄን ወረቀት ላይ አስልቶ ማግኘት አይቻልም፤ መንገዱ ላይ ዞሮ፣ ሰዓት ይዞ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን አይቶ ነው የሚታወቅ።

የውድድሩ ቀን የኤምቪው ታርኩዊኒዮ ፕሮቪኒ በ1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ጨርሶ አሸነፈ። ሉዊጂ ታቬሪ በኤምዜድ 2ኛ፣ ገና ልጅ የነበረው ማይክ ሄይልውድ በዱካቲ 3ኛ ወጡ። ከጃፓኖቹ ናኦሚ ታኒጉቺ 6ኛ፣ ጊይቺ ሱዙኪ 7ኛ፣ ቴይሱኬ ታናካ 8ኛ፣ ጁንዞ ሱዙኪ 11ኛ። አብሯቸው የነበረው አሜሪካዊ ቢል ሀንት ወድቆ ወጣ። በታኒጉቺና በፕሮቪኒ መካከል ከ7 ደቂቃ በላይ ልዩነት አለ። በአማካይ አንደኛው በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 110 ማለት ነው። ትልቅ ክፍተት ነው፣ ማጋነን አያስፈልግም። ነገር ግን አራት ጃፓናውያን የማያውቁትን መንገድ ዐሥር ጊዜ ዞረው አራቱም ጨረሱ፣ የአምራቾች የቡድን ሽልማትም የሆንዳ ሆነ። ይሄ ሽልማት ቡድኑን ይዞ ለጨረሰ እንጂ አንድ ፈጣን ሰው ላለው አይሰጥም።

አሁን ስሙ፤ በ1960 አዘጋጆቹ ክሊፕስን ተዉትና ትንንሾቹንም ሞተሮች ወደ ዋናው የተራራ መንገድ አዞሯቸው። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ተራራ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ያ የለፉበት ኩርባ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ግን ከንቱ ያልሆነ ነገር ነበር፤ እንዴት እንደሚጠና አውቀዋል። የፊቱን ሹካ በቴሌስኮፒክ ቀየሩ፣ ሞተሩን ወደፊት አዘነበሉት። በ125ቱ ከ6ኛ እስከ 10ኛ ያለውን ቦታ ሆንዳ ያዘ። በ1961 ማይክ ሄይልውድ በሆንዳ ተቀምጦ የ125ንም የ250ንም ውድድር አሸነፈ፤ በሁለቱም ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡት ሁሉ ሆንዳዎች ነበሩ። ከመግለጫው እስከዚያ ቀን ሰባት ዓመት ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄህ መልሱ «ገዝተው አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሠሩ» ነው። ለአራት ቫልቭ ባለ 125 ሞንዲያል ምሳሌ አልሆናቸውም።

በዚያው በ1961 ግን ሌላ ዓይነት ዝግጅትም ታይቷል። ሱዙኪም ከ1960 ጀምሮ ማን ደሴት እየሄደ ይወዳደር ነበር፣ ውጤቱ ግን ደካማ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተርን ከማንም በላይ የሚያውቀው የምሥራቅ ጀርመኑ የኤምዜድ መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነበር፤ የጭስ ማውጫውን ቅርፅ እያስተካከለ ከትንሽ ሞተር ትልቅ ጉልበት ያወጣ ሊቅ ነው። አሽከርካሪው ኧርንስት ደግነር ደግሞ የ125ቱን የዓለም ዋንጫ ይመራ ነበር። በኦገስት የበርሊን ግንብ ተሠራ። በሴፕቴምበር ደግነር ስዊድን፣ ክርስቲያንስታድ ላይ ሲወዳደር ሞተሩ ተሰበረበት፣ እሱም ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ በመኪና ተደብቀው ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግነር በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሱዙኪ ያጣውን እውቀት ሰውዬው በጭንቅላቱ ይዞ መጥቶለታል። የ1961ዱን የ125 ዋንጫ ደግሞ የሆንዳው ቶም ፊሊስ ወሰደ።

ደግነርን በቤተሰቡ ጉዳይ የምፈርድበት ምላስ የለኝም፤ በግንብ የተከበበ ሰው ያደረገውን አደረገ። የማዝነው ለካደን ነው። የዓመታት ልፋቱ በአንድ ሌሊት ሄደ፣ ስሙንም ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ በሻንጣ የወሰደውን ግን በገንዘቡ ገዝቶ ነው የወሰደው፣ ሻጩም ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን «ጃፓኖች ገለበጡ» ብሎ መጠቅለል አይዋጥልኝም።

ሆንዳ በ1962 አገር ቤት ሱዙካ ላይ የራሱን የአስፋልት ሜዳ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ አውሮፓውያኑም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰው ሜዳ የሚመጡበት ጊዜ ሆነ። በመክፈቻው ዓመት በኖቬምበር ደግነር በሱዙኪው እዚያ ሲወዳደር አንድ ኩርባ ላይ ወደቀ። ኩርባው ዛሬም ደግነር ይባላል። ፎርሙላ ዋን የምትከታተሉ በየዓመቱ ስሙን ትሰማላችሁ።