ቦቲ ጫማ ያጠለቀው ዩኒቨርሲቲ

ሚኒያፖሊስ ከየትኛውም ውቅያኖስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች የአሜሪካ ከተማ ናት። የዛሬው የባሕር ታሪክ ግን የሚጀምረው ከእሷ ነው። በሴፕቴምበር 1963 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ማኅበር በዚያች ከተማ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ንግግር እንዲያደርጉ ከተጋበዙት አንዱ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን የነበሩት አተልስታን ስፒልሃውስ ነበሩ። ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ አገሪቱ ለገበሬዋ የሠራችውን ለዓሣ አስጋሪዋም ትሥራ የሚል።

የሐሳቡን ክብደት ለመረዳት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1862 አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ሳለ ፕሬዚዳንት ሊንከን አንድ ሕግ ፈረሙ። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በኮንግረስ ባለው እንደራሴ ቁጥር ልክ፣ ለአንድ እንደራሴ 30,000 ኤከር መሬት ይሰጠዋል። መሬቱን ሸጦ በሚያገኘው ገንዘብ ግብርናና የእጅ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ ያቆማል። አብዛኛው መሬት ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ የዚህ ታሪክ ጥቁር ገጽ ነው። «ላንድ ግራንት» የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የተወለዱት እንዲህ ነው።

ኮሌጅ መክፈት ብቻውን ግን ገበሬውን አልጠቀመውም። መምህራኑ ራሳቸው የሚያስተምሩት የተፈተነ ዕውቀት አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1887 በሌላ ሕግ የምርምር ጣቢያዎች ተጨመሩ። ምርምሩም ቢሆን ከመዝገብ ቤት አልወጣ አለ። በ1914 ሦስተኛው ሕግ መጣና ኤክስቴንሽንን አመጣ። የዩኒቨርሲቲው ባልደረባ የሆነ ባለሙያ በየወረዳው ተቀመጠ፤ ከገበሬው ጋር ኖረ፤ መልስ ይዞ ወረደ፣ ጥያቄ ይዞ ወጣ። ማስተማር፣ መመራመር፣ ማድረስ። ሦስቱ ጉልቻዎች ለመሟላት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ስፒልሃውስ ያዩት ክፍተት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የውቅያኖስ ሳይንስን ከውስጥ ያውቁታል። የባሕርን ሙቀት በየጥልቀቱ የሚለካው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦችን ለማደን የዋለው መሣሪያ የእሳቸው እጅ አለበት። የባሕር ኃይል ከዚህ ዕውቀት ተጠቅሟል። ቤተ ሙከራዎች ተጠቅመዋል። ከወደብ ዳር መረቡን የሚጠግነው ዓሣ አስጋሪ ግን ደጁን የሚያንኳኳለት አንድም ባለሙያ አልነበረውም።

ሐሳቡን ሕግ ያደረጉት የሌላ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ ትንሿ የሆነችው የሮድ አይላንድ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል በሴኔት፣ የፍሎሪዳው ፖል ሮጀርስ በተወካዮች ምክር ቤት ገፉበት። በኦክቶበር 1965 በሮድ አይላንድ ኒውፖርት ከተማ ጉባኤ ተጠራ፤ በነገሩ ውስጥ የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲው የውቅያኖስ ምሁር ጆን ናውስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1966፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የ«ሲ ግራንት» ሕግን ፈረሙ።

በሕጉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ የፌዴራል መንግሥት ከወጪው እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሸፍናል፤ ቀሪውን ክፍለ ግዛቱና ዩኒቨርሲቲው ከኪሳቸው ያወጣሉ። የራሱን ገንዘብ ያልከተተ ሰው ሥራው ቢበላሽ አይቆረቁረውምና። ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። በዚህ ገንዘብ መሬት መግዛት፣ ሕንጻ መገንባት፣ የመርከብ ማረፊያ መሥራት፣ መርከብ መግዛት ተከለከለ። ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ሁሉ በር ተዘጋበት። ገንዘቡ ወደ ሰውና ወደ ሥራ እንጂ ወደ ሲሚንቶ መሄጃ አጣ።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሥር ነበር፤ በ1970 አዲስ ወደተቋቋመው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተዛወረ። በ1971 አራት ዩኒቨርሲቲዎች የሲ ግራንት ኮሌጅነት ማዕረግ በመጀመሪያ አገኙ። እነሱም ኦሪገን ስቴት፣ ሮድ አይላንድ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እና ዋሽንግተን ናቸው። ዛሬ 34 ፕሮግራሞች አሉ። በየወደቡ የተሰማሩት ባለሙያዎች ቦቲ ጫማ ያጠለቁ የወረዳ ግብርና ሠራተኞች እየተባሉ ተጠሩ። ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ ሥራቸውን ግን በትክክል ይገልጸዋል።

እነዚህ ባለሙያዎች አይቀጡም፣ ፈቃድ አይነጥቁም፣ ግብር አይሰበስቡም። የሚያስተምሩትና የሚሰሙት ብቻ ነው። ይህ ደካማ ጎናቸው ይመስላል። ዓሣ አስጋሪው በር የሚከፍትላቸው ግን በዚሁ ምክንያት ነው።

የጆርጂያ የሽሪምፕ አስጋሪዎች ታሪክ ይህን ያሳያል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲንኪ ቡን የተባለ አስጋሪ መረቡን የሚሞሉበት ጄሊፊሾች አስመረሩት። ጄሊፊሹ ተንሸራቶ የሚወጣበት፣ ሽሪምፑ የሚቀርበት የብረት ፍርግርግ ሠርቶ መረቡ ውስጥ ገጠመ። በኋላ የባሕር ኤሊዎች በሽሪምፕ መረብ ታፍነው ማለቃቸው አገራዊ ጉዳይ ሲሆን፣ ያው ፍርግርግ ኤሊንም እንደሚያስወጣ ታወቀ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከአስጋሪዎቹ ጋር ጀልባ ላይ ወጥተው ሞከሩት። መፍትሔው ከምሁር ወደ መሃይም የወረደ አልነበረም። ከጀልባ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ፣ ተፈትኖና ተመዝኖ ወደ ጀልባ የተመለሰ ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን ማርና ወተት አልነበረም። መንግሥት መሣሪያውን አስገዳጅ ባደረገ ጊዜ ብዙ አስጋሪዎች ገቢያችንን ሊቀንስ ነው ብለው ተቆጡ። በ1989 ክረምት በቴክሳስና በሉዊዚያና ወደቦችን በጀልባዎቻቸው ዘጉ። ሕግ ከትምህርት ቀድሞ ሲሮጥ የሚሆነው ይህ ነው። አዋጅ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ እምነት ግን በአንድ ቀን አይገነባም።

ሌላው ቁም ነገር፣ ሲ ግራንት የባሕር ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕጉ ከመነሻው በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያሉትን ታላላቅ ሐይቆች ያካትታል። በ1988 በዚያ አካባቢ፣ በሴንት ክሌር ሐይቅ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ተገኘች። ዜብራ መስል ትባላለች። ከአውሮፓ በመርከብ ውስጥ በተጫነ ውሃ እንደመጣች ይታመናል። በጥቂት ዓመታት የውሃ ቧንቧዎችን መድፈን፣ የሐይቆቹን ሥርዓተ ሕይወት ማዛባት ያዘች። የሲ ግራንት ባለሙያዎች ጀልባ ላለው ሁሉ ያስተማሩት አንድ ቀላል ልማድ ነው፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመሄድህ በፊት ጀልባህን አጽዳ፣ ውሃውን አፍስስ፣ አድርቅ። ወራሪ ዝርያ አንዴ ከተስፋፋ ማጥፋት ጭንቅ ነው፤ ወዳልገባበት ሐይቅ እንዳይገባ ማድረግ ግን የሰው ልማድ ጉዳይ ነው።

ባሕር የሌላት ቨርሞንት ያደረገችውማ ፈገግ ያሰኛል። በ1998 ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ሲ ግራንትን በሚያድሰው ሕግ ውስጥ የቻምፕሌን ሐይቅም ከታላላቆቹ ሐይቆች አንዱ ይሁን የሚል ሐረግ አስገቡ። የሌሎቹ ሐይቆች ሰዎች ተሳለቁ፣ ተቆጡ። ማዕረጉ በ18 ቀን ተሻረ። የሲ ግራንት ዕድሉ ግን ለቨርሞንት ቀረላት። ስሙን ተነጠቀች፣ ቁም ነገሩን አስቀረች።

በ2017 የትራምፕ አስተዳደር ለፕሮግራሙ ይመደብ የነበረውን 73 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ ለመሰረዝ ሐሳብ ሲያቀርብ ኮንግረስ አልተቀበለውም።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያን የሚነካት በሩቁ አይደለም። የላንድ ግራንት ዘር በዚህች አገር ተዘርቶ ነበር። የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ዩኒቨርሲቲያቸው ግን በ1952 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ገባ። በጅማ ተጀምሮ ዓለማያ ላይ የተተከለው የእርሻ ኮሌጅ በዚሁ ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ነበር። ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ ኤክስቴንሽኑም በአንድ ቤት።

ከዚያስ? በ1963 ኤክስቴንሽኑ ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1966 ለአገራዊ ምርምር ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የገጠመኙ ነገር ይደንቃል። ስፒልሃውስ ሦስቱን ጉልቻዎች ወደ ባሕር እንውሰድ ባሉበት ዓመት ኢትዮጵያ አንዱን ነቀለች። ጆንሰን ሕጉን በፈረሙበት ዓመት ሁለተኛው የራሱን ጎጆ ወጣ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ ለአንድ ሰፊ አገር አይበቃም የሚለው ተራ ምክንያት አይደለም። ውጤቱ ግን የሚያስተምረው፣ የሚመራመረውና ገበሬው ደጅ የሚቆመው ሦስት የተለያዩ ቤቶች መሆናቸው ነው። በኋላ ዘመን የልማት ሠራተኛው ከማስተማር ጎን ለጎን የማዳበሪያ ዕዳ እንዲያስመልስ ሲደረግ፣ ያ የሚከፈትለት በርም ጠበበ።

ዛሬ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ተልእኮ አለን ይላሉ፤ ሦስተኛው የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ጣናን እንውሰድ። በሐይቁ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪው የት እንደሚሰበሰቡ ያውቃል፤ መረቡን የወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ተመራማሪው ለምን እንደሚሰበሰቡና በዚያ ወቅት ቢያልቁ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ሁለቱም ዕውቀት አለ። የጎደለው ዓመቱን ሙሉ ዳር ላይ ተቀምጦ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። በ2011 እምቦጭ በጣና ሲታይ ከሁሉ ቀድሞ ያየው ሐይቁን በየቀኑ የሚቀዝፈው ነው። ያየውን ለማን ይንገር? ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ ይዞ የሚመለስ ባለ ቦቲ ጫማ ማን ነበር?

አሁን አገሩ ሁሉ ስለ ባሕር በር ያወራል፤ ወሬውም ተገቢ ነው። ባሕርን ማግኘት አንድ ጉዳይ ነው፣ ባሕርን ማወቅ ሌላ። ሁለተኛውን ለመጀመር ወደብ መጠበቅ አያስፈልግም። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ አሉ፤ በአጠገባቸውም ዩኒቨርሲቲ አለ። የአሜሪካው ሕግ እንዳስተማረው ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ደመወዙ ከዩኒቨርሲቲ የሚከፈለው፣ ቅጣትም ዕዳ ማስመለስም ያልተሰጠው፣ ኑሮው ከሐይቁ ዳር የሆነ ባለሙያ ነው። ያንን ለመቅጠር የሚበቃ ዕውቀት ዓለማያ ላይ ከሰባ ዓመት በፊት ነበር።