ባለምስሉ የሄደበት ምስል

እ.ኤ.አ. በ1995 ደቡብ አፍሪካ የራግቢ ዓለም ዋንጫን ስታሰናዳ፣ የቼስተር ዊሊያምስ ፊት በየማስታወቂያው ላይ ነበር፤ በቡድኑ ውስጥ ነጭ ያልሆነው እርሱ ብቻ ነበርና። ሆኖም ውድድሩ ሳይጀመር ጭኑ ተጎዳና ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። ምስሉ ቀረ፣ ባለምስሉ ሄደ!

የመለሰው የአሰልጣኙ የኪች ክሪስቲ ጥበብ አይደለም፤ ጠብ ነው። ከካናዳ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ቡጢ ተሰነዘረ፤ የክንፍ ተጫዋቹ ፒተር ሄንድሪክስ ታገደ፤ ዊሊያምስም ተጠራ። በሩብ ፍጻሜው ምዕራብ ሳሞአ ላይ ብቻውን አራት ጊዜ ኳሷን ከመስመሩ አሻግሮ መሬት አስነካ።

በፍጻሜው ኒውዚላንድ 15 ለ 12 ተረታች። ማንዴላ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ፤ ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። ዊሊያምስ በ2002 በወጣው የሕይወት ታሪኩ የተናገረውን ግን ጥቂቶች ያነሡታል፤ ከቡድን ጓዶቹ እንኳ የዘር ስድብ እንደደረሰበት።