የብሩክሊን ድልድይና የኤሚሊ ሮብሊንግ መታሰቢያ

በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊንንና ማንሃታንን በሚያገናኘው ታላቅ ድልድይ ላይ አንድ የነሐስ ሰሌዳ ይገኛል። በ1951 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሰሌዳ ያሠራው የብሩክሊን መሐንዲሶች ክበብ ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም ለኤሚሊ ዋረን ሮብሊንግ ነው። ጽሑፉ እምነቷና ጽናቷ በደዌ የተመታ ባሏን ሥራውን ከፍጻሜ እንዲያደርስ እንደረዳው ይመሰክርና፣ ከታላቅ ሥራ ሁሉ በስተጀርባ ራሷን የሠዋች ሴት እንደማትታጣ ተናግሮ ያበቃል። ምስጋናው ቅን ነው። ይሁንና «በስተጀርባ» የምትለዋ ቃል ለታሪኩ ትጠብበታለች።

ድልድዩን የነደፈው የባሏ አባት ጆን ሮብሊንግ ነበር። በ1869 ቦታውን ሲያጠና እግሩን ጀልባ ጨፍልቆት፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። ሥራውን የ32 ዓመቱ ልጁ ዋሽንግተን ተረከበ።

የማማዎቹ መሠረት የተጣለበት ዘዴ የሚያስፈራ ነበር። አፉ ወደ ታች የተደፋ ግዙፍ የእንጨት ሣጥን ከውሃው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ እንዳይገባበት የታመቀ አየር ይነፋበታል። ሠራተኞቹ በውስጡ ሆነው ጭቃውንና ድንጋዩን ሲቆፍሩ፣ ከላይ የሚገነባው ግንብ ሣጥኑን በክብደቱ ያሰምጠዋል። ከዚያ አየር በፍጥነት የወጣ ሰው በደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ይፈጠርበታል፤ መገጣጠሚያው በሕመም ይቆለመማል፤ ሽባ የሆነም፣ የሞተም ነበር። በ1872 ዋሽንግተን ራሱ በዚሁ ደዌ ወደቀ። በኋላም ግንባታውን ከቤቱ መስኮት በመነጽር ይከታተል ጀመር።

ኤሚሊ ከፍተኛ ሒሳብን፣ የቁሳቁስን የመሸከም ኃይልና የብረት ገመድን አሠራር አጠናች። የባሏን መመሪያ በጽሑፍ አስፍራ ወደ ሥራው ቦታ ትወስዳለች፤ ከረዳት መሐንዲሶቹ ጋር ትመክራለች፤ ጥያቄያቸውንም ትመልሳለች። መልእክተኛ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጥናት ምን ያደርግላት ነበር? በ1882 ዋሽንግተንን ከዋና መሐንዲስነቱ ለማውረድ የተደረገው ሙከራ ከሸፈ፤ ድልድዩም በግንቦት 24 ቀን 1883 ተመረቀ። ከማማ እስከ ማማ 486 ሜትር የሚዘረጋውን መንገድ ከምርቃቱ አስቀድሞ በሠረገላ የተሻገረችው፣ የድል ምልክት የሆነ አውራ ዶሮ ይዛ፣ ኤሚሊ ነበረች።

ሰሌዳው የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። በ1899፣ ከሞቷ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቷን ፈጸመች። ለሽልማት ያበቃት ጽሑፍ ሕጉ በባለትዳር ሴት መብት ላይ የጣለውን ገደብ የሚነቅፍ ነበር።