የወላይታ ሕዝብ የዕለት ወግ፣ አለባበስና የጉርብትና ሥርዓት፦ ለሙስሊም ጎረቤት የሚጠቅም ማስታወሻ



ዲምቱ በመምህርነት ሳገለግል አንድ ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ቀረብ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ዱንጉዛ መልበስ ሐራም ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ሊያከብር እየተዘጋጀ ነበር። የክፍል ጓደኛው «አንተ ሙስሊም ነህ፣ ወላይታ አይደለህም» ብሎታል። አንድ የሰፈር ሰው ደግሞ «ይህ የእነሱ ልብስ ነው፣ ይቅርብህ» ብሎታል። ልጁ በአባቱም በእናቱም ወላይታ ነው፤ የሚያልመውም በወላይትኛ ነው። በአንድ ቀን ከሁለት ወገን «የእኛ አይደለህም» ተባለ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እንዲህ ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ እንዲሁም ለንግድና ለሥራ ወደ አካባቢው ለሚሄዱ ሙስሊሞች ነው። የአንድ ሕዝብ ልማድ (ዓዳ) ሌላ፣ እምነት ሌላ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ዲኑንም ጎረቤቱንም ይጠብቃል።

ሕዝቡና አካባቢው

ዲምቱ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ በብላቴ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 71 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 5 በመቶ ያህሉ ካቶሊክ ነው። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት በመሆኑ የዕለት ኑሮው በሙሉ ከሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ጋር የተሳሰረ ነው።

ወላይታ የራሱ መንግሥት የነበረው ሕዝብ ነው። ንጉሡ «ካዎ» ይባላል። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በአፄ ምኒልክ ጦር የተሸነፉት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በርካታ ጎሳዎች ያሉት ሲሆን ሁሉም «ማላ» እና «ዶጋላ» በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይጠቃለላሉ።

ሰላምታ

የወላይታ ሰላምታ «ሳሮ» ነው፤ ትርጉሙም ሰላም። ጠዋት «ሳሮ አቃዲ?» ሲሉህ በሰላም አደርክ ወይ ማለታቸው ነው። ሙስሊሙ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል የሚመኘውም ሰላም ነው። በሱረቱ ኒሳእ 86ኛው አንቀጽ ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለ ወይም በተመሳሳዩ እንዲመልስ ታዟል። ስለዚህ በአገሬው ቋንቋ «ሳሮ» ላሉን ሰዎች በዚያው ቋንቋ መመለስ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግ አደብ ነው። ምስጋና ለማቅረብ «ጋላታይስ» ይባላል።

ለታላቅ መነሳት፣ በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል፣ የሰውየውን ቤተሰብና ከብት ደህንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አለመግባት፣ እነዚህ ሁሉ በወላይታ የታወቁ ናቸው። ከገበያ ሰው ጋር ሲገናኙ ሰላምታውን አሳጥሮ ቀጥታ ዋጋ መጠየቅ እንደ ንቀት ይታያል። ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

አለባበስ

የወላይታ መለያ ልብስ «ዱንጉዛ» ነው። በእጅ የሚሸመን የጥጥ ልብስ ሲሆን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ጎልተው ይታዩበታል። ዛሬ በሱሪ፣ በሸሚዝ፣ በቀሚስ፣ በነጠላ ጥለትና በቆብ መልክ ይሠራል። በሠርግ፣ በጊፋታና በባህል ቀን ይለበሳል።

በሸሪዓ የልብስ መስፈርት የታወቀ ነው፦ ገመናን (ዐውራን) መሸፈኑ፣ የሰውነትን ቅርጽ አለማሳየቱ፣ የሌላ እምነት የአምልኮ መለያ አለመሆኑ፣ ለኩራት አለመለበሱ። ዱንጉዛ የአንድ ሕዝብ ልብስ እንጂ የአንድ እምነት ልብስ አይደለም። ያ ተማሪ በባህሉ ቀን የዱንጉዛ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ መጣ። እህቶችም ረጅም የዱንጉዛ ቀሚስ ከሒጃብ ጋር ለብሰው አይቻለሁ፤ ያማረ ነበር።

ይህ የወላይታ ሙስሊም ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከዐረቦች ቀጥሎ በቁጥር ትልቁ የሙስሊም ብሔር የሆኑት ቤንጋሊዎች በአብዛኛው በባንግላዲሽ ይኖራሉ። ወንዶቻቸው በቤትና በእርሻ «ሉንጊ» የተባለውን ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ለጁሙዓና ለዒድ «ፓንጃቢ» የሚባለውን ረጅም ሸሚዝ ይለብሳሉ። ሴቶቻቸው የሚለብሱትን «ሳሪ» የሂንዱ ጎረቤቶቻቸውም ይለብሱታል። ምግባቸው ሩዝና ዓሣ ነው፣ በቀኝ እጅ ይበላል። ቋንቋቸውንም አልተዉም፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1952 በዳካ ስለ ቋንቋቸው የተሰለፉ ተማሪዎች ተገድለዋል። ዩኔስኮ ያን ቀን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን እንዲሆን የወሰነው በኅዳር 1992 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በሶዶ «ወጋጎዳ» በተባለው፣ አራት ቋንቋዎችን ቀላቅሎ በተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ተቃውሞ ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጽሐፉም ቀርቷል። ሰው ሲሰልም ቋንቋውንና ልብሱን እንዲጥል አይጠየቅም።

ምግብ፣ ቡናና መጠጥ

የወላይታ ማዕድ የቆመው በእንሰትና በሥራ ሥር ነው፦ ቆጮ፣ ቡላ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎ። ቅቤና አይብ የክብር ምግብ ናቸው። «ዳታ» የሚባለው በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅመም ጋር እርጥቡን ተፈጭቶ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ያለ ችግር አብሮ ሊበላ የሚችል ነው።

ጠዋት ጎረቤት የሚሰበስበው «ሃይታ ቱኬ» ነው፤ የቡና ቅጠል ከቅመም ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ። የአካባቢው ወሬ፣ የታመመ ሰው ጉዳይ፣ የተጣላ ሰው ዕርቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ መጥሪያ ደጋግሞ የሚቀር ሰው ራሱን ከሰፈሩ እንዳወጣ ይቆጠራል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጠጥ ላይ ነው። «ፓርሱዋ» የአገሬው ጠላ ነው። «ቦርዴ» ግን ወፍራም ስለሆነና እንደ ምግብ ስለሚጠጣ እንግዳ ሰው አጥሚት ሊመስለው ይችላል፤ ከእህል ተብላልቶ የሚሠራና አልኮል ያለበት ነው። በትሕትና «እኔ አልጠጣም፣ ቡና ይበቃኛል» ካሉ የሚቀየም የለም።

ሥጋና ጊፋታ

የወላይታ ዘመን መለወጫ «ጊፋታ» ነው። የአገር ሽማግሌዎች የጨረቃን ሁኔታ ተከታትለው የሚወስኑት ሲሆን ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ወንዶች ለሰንጋ፣ ሴቶች ለቅቤ ገንዘብ የሚያጠራቅሙት ቀደም ብለው ነው። ልጆች እንጨት ይሰበስባሉ፤ ቤት ይታደሳል፤ ዕዳ ይከፈላል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዕለቱ ሥጋ፣ በተለይም ጥሬ ሥጋ ከዳታ ጋር ይቀርባል። «ሃያ ሌኬ» እየተባለም ይጨፈራል።

ለሙስሊሙ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ ብቻ ይመገባል፤ ወላይታ ደግሞ ለሚያከብረው ሰው የሚሰጠው ሥጋ ነው። ጎረቤት የላከውን ሥጋ ዝም ብሎ መመለስ ፍቅሩን እንደመመለስ ይወሰዳል። ያየኋቸው አስተዋይ ቤተሰቦች ጉዳዩን ከበዓሉ ቀናት በፊት አንስተው ይነጋገራሉ። አንዳንዱ ጎረቤት በግ ወይም ፍየል ለይቶ በሙስሊም ያሳርዳል፤ ይህ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የቆየ ሥርዓት ነው። ሌላው ቅቤ፣ አይብና ቆጮ ይልካል። ሙስሊሙም በበኩሉ በዒድ አል-አድሓ ለጎረቤቱ ፍየል ከነነፍሱ ወይም ዳቦና ቴምር ያደርሳል።

በበዓሉ ሥርዓት ላይ መገኘትን በተመለከተ በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። ዕዳ መክፈል፣ መታረቅና አረጋዊ ጎረቤትን መጠየቅ ግን ጊፋታ ሳይመጣም ዲናችን ያዘዘን ነው።

ጋብቻና ሐዘን

በወላይታ ልማድ ማላ ከዶጋላ ይጋባል፤ የራስን ወገን ማግባት ነውር ነው። ሸሪዓ የአጎት ልጅን ማግባት ቢፈቅድም ግዴታ አላደረገውም። ስለዚህ አንድ የወላይታ ሙስሊም የአገሩን ልማድ ጠብቆ ከሌላው ወገን ቢያገባ ከዲኑ አንዳች አላጎደለም። ዑለማዎች «ልማድ ዳኛ ይሆናል» የሚለውን መርሕ ያስቀመጡት ሸሪዓን ለማይቃረን እንዲህ ላለ ልማድ ነው።

ሐዘን ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ወላይታ ሟቹን የሚያከብረው ብዙ ሰው ጠርቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አልቅሶ ነው። እኛ ጀናዛን እናፈጥናለን፤ ፊት መንጨትና ደረት መምታት ክልክል ነው። ጎረቤት «ሳንሰማ ቀበራችሁ» ብሎ ሲቀየም የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰው እንደሞተ ከመስጂዱ ሰዎች ጋር እኩል ለእድሩ ዳኛና ለቅርብ ጎረቤት መንገር፣ የምንፈጥንበትን ምክንያት ማስረዳት፣ ለተዕዚያ ለሚመጣው ሰው ቦታ ማዘጋጀት። በእነሱ ሐዘንም አብሮ መቀመጥ፣ እንጨትና ውሃ ማቅረብ፣ እድሩ የጣለውን መክፈል ጉርብትና የሚጠይቀው ነው።

ማጠቃለያ

በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ አላህ ሰዎችን ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገው እንዲተዋወቁ መሆኑ ተነግሯል። መተዋወቅ የሚጀምረው ከሰላምታ፣ ከልብስና ከማዕድ ነው። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ቁርኣን ሲቀሩ የአያቶቻቸውን ቋንቋም አስተምሯቸው። «ወላይታ አይደለህም» ለሚላቸው በወላይትኛ ይመልሱ፤ «ሙስሊም አይደለህም» ለሚላቸው በሶላታቸውና በአደባቸው ይመልሱ።

አላህ ለጎረቤቶቻችን መልካም ጎረቤት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።