ገማቹና ግንቡ

ቤት የሚገዛ ሰው ምን ያያል? ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አሻቅቦ ይመለከታል፤ ግድግዳውን ያንኳኳል፤ መሠረቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ አጎንብሶ ይመረምራል። ከዚያም ገማች ይጠራና «ይህን ያህል ያወጣል» ይባላል። ነገሩ የድንጋይና የሲሚንቶ ሒሳብ ብቻ ይመስላል። ግን አይደለም። በአሜሪካ ገማቹ ከቤቱ ይልቅ ጎረቤቱን የመዘነበት ዘመን ነበር።

በታላቁ የኤኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአሜሪካ በቀን እስከ 1 ሺህ የሚደርስ ቤት በዕዳ ይወሰድ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ባለዕዳ በረጅም ጊዜ እንዲከፍል አደረገ። መልካም ሥራ ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? ታዲያ ይኸው ድርጅት ከ1935 ጀምሮ ገማቾች አሰማርቶ ከ200 በላይ ከተሞችን በአራት ቀለም ከፋፈለ። አረንጓዴ አንደኛ፣ ሰማያዊ ሁለተኛ፣ ቢጫ ሦስተኛ፣ ቀይ ደግሞ «አደገኛ»። የገማቹ ቅጽ ስለ ቤቶቹ ዕድሜና ይዞታ ይጠይቃል፤ በዚያው ወረቀት ላይ ግን በሰፈሩ ስንት ጥቁር፣ ስንት የውጭ ተወላጅ እንዳለም ይጠይቃል። የጥቁሮች ሰፈር ዕጣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቀይ ነበር።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ጆሯችንን ማቆም አለብን። አንዱ ምንጩ ዩኒቨርሲቲ ነው! ሆመር ሆይት የተባለ ምሁር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት በሠራውና በ1933 በታተመው ጥናቱ፣ ሕዝቦችን በመሬት ዋጋ ላይ አላቸው ባለው ተጽዕኖ በደረጃ ደረደራቸው። እንግሊዞችና ጀርመኖች ከላይ፣ ጥቁሮችና ሜክሲኮዎች ከታች። ደረጃው ስለ ሰዎቹ ተፈጥሮ ሳይንሳዊ ላይሆን እንደሚችል፣ የሚያሳየውም የገበያውን ጥላቻ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ግን ምን ዋጋ አለው? በ1934 ለቤት ብድር ዋስ የሚሆነው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ሲቋቋም ሆይት በባለሙያነት ገባ። የመሥሪያ ቤቱም መመሪያ የዘር መቀላቀል ዋጋ ያወርዳል፣ የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ መከለያ ሰፈርን ይጠብቃል ሲል ለገማቾች አስተማረ። እንግዲህ ጥላቻው ደንብ ሆነ ማለት ነው። ዋስ ከሌለ ባንኩ አያበድርም፤ ብድር ከሌለ ቤቱ አይታደስም፤ ያልታደሰ ቤት ዋጋው ይወድቃል። ገማቹም ተመልሶ ይመጣና «አላልኳችሁም?» ይላል።

ዲትሮይት ከተማ ውስጥ፣ ኤይት ማይል በሚባለው መንገድ አጠገብ፣ ጥቁር ቤተሰቦች በ1920ዎቹ ቁራሽ መሬት እየገዙ፣ የሚያበድራቸው ስላልነበረ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ ጎጇቸውን ይቀልሱ ነበር። በ1941 አንድ ነጋዴ ከጎናቸው ለነጮች ሰፈር ሊሠራ ተነሣ። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት «ለጥቁሮቹ ቀርቧል» ብሎ ዋስትናውን ከለከለው። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሁለቱ ሰፈር መካከል ቁመቱ 6 ጫማ፣ ርዝመቱ ግማሽ ማይል የሆነ የኮንክሪት ግንብ ገተረ። ዋስትናው ተፈቀደለት። መሬቱ ያው መሬት፣ አየሩም ያው አየር ነው፤ የተለወጠው ግንቡ ብቻ ነው።

በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል በፍርድ ቤት እንዳይጸና ወሰነ። በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየት በሕግ ተከለከለ። ነገር ግን አባት በ1941 ያልገዛውን ቤት ልጅ በ1968 ሊወርሰው አይችልም። ሕጉ የነገውን በር ከፈተ እንጂ የትናንቱን ቤት አልመለሰም።

ግንቡ ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ነዋሪዎቹ ሥዕል ሥለውበታል። እኛም ነገ መሐንዲስና የኤኮኖሚ ባለሙያ ሆነን ቅጽ የምንሞላ ነን። ያን ጊዜ እርሳሳችንን ከማሳረፋችን በፊት፣ የምንጽፈው ቁጥር የቤቱ ነው ወይስ የሰዎቹ ብለን እንጠይቅ።