ስታይንቤክ ብቻውን ነበር እንዴ?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንድታነቡት እፈልጋለሁ፤ ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁን አንድ ነገር ማረም አለብኝ።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ 9ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ስለ ታሪክ ምንጮች ስንማር ሁሌ የማነሳት አንዲት ምሳሌ ነበረችኝ። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ መኪናው ላይ ቤት አሠርቶ፣ ውሻውን ይዞ፣ ብቻውን አገሩን ዞሮ ያየውን ጻፈ የምላችሁ። «ልጆች፣ ሄዶ ያየ ሰው ሲጽፍ እንዲህ ነው» እላችሁ ነበር። ፈተና ላይ ሁሉ የጻፋችሁት አላችሁ፤ እኔም ራይት አድርጌላችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሞንታና ፎቶ ላከልኝ። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ መጨረሻ የሌለው ሜዳ፣ እሱ ደግሞ መሃል መንገድ ዳር ቆሟል። «ቲቸር፣ ያ ባለ ውሻው ሰውዬ ያለፈበት አገር ደረስኩ። እኔም እንደሱ ብቻዬን» ይላል። ደስ አለኝና ከዓመታት በፊት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኋትን የስታይንቤክን መጽሐፍ አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን ማገላበጥ ጀመርኩ። ባልጀመርኩ ኖሮ አልልም፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ ታሪኩን ላላወቃችሁ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

1960 ላይ ስታይንቤክ 58 ዓመቱ ነው። ከድርቅና ከዕዳ ሸሽተው ወደ ካሊፎርኒያ ስለተሰደዱ ገበሬዎች በ1939 ያሳተመው ልቦለድ ስሙን ዓለም ላይ አስጠርቶታል። ግን ኑሮው ኒው ዮርክ ከሆነ ቆይቷል። ስለማላውቀው አገር ነው የምጽፈው የሚል ነገር ይበላው ጀመር። ጤናውም ደህና አልነበረም። እና አንድ የጂኤምሲ ፒካፕ ገዛ፤ ከኋላው አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ጠረጴዛ ያለው ትንሽ ቤት ተጫነበት። መኪናውን ሮሲናንቴ አላት፤ የዶን ኪሾት ፈረስ ስም ነው። ቻርሊ የሚባል ፑድል ውሻውን ጋቢና አስቀምጦ መስከረም 23 ቀን ከሎንግ አይላንድ ተነሳ። ወደ ሰሜን ሜይን ወጣ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጠፈ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር የትላልቆቹን አውራ ጎዳናዎች ሕግ የፈረሙት በ1956 ነው፤ ዕቅዱ 66,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነበር። ስታይንቤክ ሲያልፍ ገና እየተሠራ ነው። መንገዶቹን አልወደዳቸውም፤ ምንም ሳታይ አገር እንድታቋርጥ ያደርጉሃል ባይ ነው። ስለዚህ በአሮጌዎቹ መንገዶች ነው የሄድኩት ይላል።

የመጽሐፉ ማር ያለው ምዕራቡ ጋ ነው። የሰሜን ዳኮታ ባድላንድስ የተቦረቦረ፣ ደረቅ፣ የሚያስፈራ መሬት ነው። መጀመሪያ ጠላው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቀለሙ ተለወጠና ሌላ አገር ሆነበት። ሞንታናን በፍቅር ነው የሚያወራላት። የሎውስቶን ፓርክ ሲገባ ደግሞ ያ ጨዋ ውሻ ድብ አየና አበደ! ሲጮህ፣ መስኮት ሲቧጭር፣ ስታይንቤክ የዓለምን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሳያይ መኪናውን አዙሮ ወጣ። ሞሃቬ በረሃ ላይ ሁለት ኮዮቲዎች (የእኛን ቀበሮ የሚመስሉ ናቸው) አገኘ፤ ጠመንጃ አነጣጠረባቸው፣ ከዚያ ተወውና ሁለት ቆርቆሮ የውሻ ምግብ ከፍቶ ትቶላቸው ሄደ።

ከሁሉም የኔ ገጽ ግን የሬድውድ ዛፎቹ ናት። ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ የሚኖሩ ዛፎች። ከቻርሊ ጋር ሁለት ቀን እግራቸው ሥር ሰነበትኩ ይላል። ዝምታውን ሲገልጸው ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ቅዳሴ ያለቀ ሰዓት ላይ ብቻህን የቆምክ ይመስልሃል። ያቺን ገጽ ክፍል ውስጥ እየተረጎምኩ አንብቤላችኋለሁ። ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ዝም ያሉባት ቀን ነበረች፤ ይሄ እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉዱ።

በ2010፣ ልክ 50 ዓመት ሲሞላው፣ ቢል ስታይገርዋልድ የሚባል የፒትስበርግ ጋዜጠኛ ያንኑ መንገድ በመኪና ተከተለ። ሰውዬውን ሊያጋልጥ አልተነሳም፤ አሜሪካ በ50 ዓመት ምን ያህል ተለወጠች የሚል መጽሐፍ ሊጽፍ ነበር። ቀኖቹን በካርታ ላይ ሲያሰፍር ግን አልገጥም አሉት። ደብዳቤዎች አገላበጠ፣ ኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በእጅ የተጻፈውን የመጀመሪያ ረቂቅ አነበበ።

አንዱን ብቻ ላሳያችሁ። መጽሐፉ ላይ ስታይንቤክ አሊስ በምትባል የሰሜን ዳኮታ ትንሽ ከተማ አጠገብ ወንዝ ዳር አድሮ፣ ሼክስፒርን እየተወነ አገር ላገር ከሚዞር ተዋናይ ጋር ቡና ይጠጣል። ቆንጆ ጨዋታ ነው። ግን በዚያው ጉዞ፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ ለባለቤቱ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ የተጻፈው ቢች ከምትባል ከተማ ነው። አሊስ ከግዛቱ ምሥራቅ ናት፣ ቢች ሞንታና ድንበር ላይ። መሃላቸው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያደረውም ሞቴል ነው። እንግዲህ ያ ተዋናይ መቼ ነው ቡናውን የጠጣው?

ሬድውድስ? ባለቤቱ ኢሌን ሲያትል ድረስ በአውሮፕላን መጥታ ነበር። የፓስፊክን ዳርቻ ይዘው አብረው ነው የወረዱት፣ ሆቴልና ሞቴል እያደሩ። በረቂቁ ላይ አለች። በታተመው ላይ የለችም፤ ተሰርዛለች። ያ ሁሉ ዝምታ ባለበት ጫካ ውስጥ ሚስቱ አጠገቡ ነበረች! ስታይገርዋልድ እንደቆጠረው ከጉዞው ቀኖች ከግማሽ የሚበልጡትን ከኢሌን ጋር ነው ያሳለፈው።

መጽሐፉ በ1962 ሲወጣ የተሸጠው እውነተኛ ታሪክ ተብሎ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የኖቤል ሽልማቱ ተሰጠው። አሳታሚው በ2012 አዲስ እትም ሲያወጣ መግቢያው ላይ ቃል በቃል እንዳትወስዱት የሚል ማሳሰቢያ ተጨመረበት። ለኛ ግን ማን ይንገረን፤ የኔ ኮፒ አሮጌው ነው።

እኔን የከነከነኝ ግን ሞቴሉ አይደለም። የታመመ ሰው ሙቅ አልጋ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? የኢሌን መሰረዝ ነው። ለምን ብቻውን መሆን አስፈለገው?

እስቲ በኛ አገር አስቡት። አንድ ትልቅ ሰው «ብቻዬን ሦስት ወር ልዞር ነው» ቢል ማን ያደንቀዋል? «ምነው፣ ሰው አጣህ እንዴ?» ነው የሚባለው። እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» ብላ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ግን ብቻውን የሚጋልብ ሰው ጀግና ነው፤ ካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የሚገርመው ታሪኩ እንደዚያ አለመሆኑ ነው። በ1840ዎቹና 50ዎቹ ወደ ኦሪገን የተጓዙት በጋሪ ተሰልፈው፣ ሚስትና ልጅ ይዘው፣ በማኅበር ነው። ብቻውን የወጣ ብዙም አይደርስም ነበር። ብቸኛው ጋላቢ የመጣው በኋላ፣ ከርካሽ ልቦለዶችና ከሲኒማ ነው። አገሩም ባዶ አልነበረም። የሎውስቶን በ1872 ፓርክ ሲባል ሾሾኒ፣ ክሮውና ባኖክ የሚባሉት ሕዝቦች የሚያድኑበት መሬት ነበር፤ በኋላ እንዲወጡ ተደረጉ። ስታይንቤክ ራሱ በ1876 ላኮታዎችና ሸያኖች ጄኔራል ከስተርን ያሸነፉበትን ሊትል ቢግሆርን ቆም ብሎ አይቷል።

ሌላም አለ። በ1960 ደስ ባለው ቦታ መኪና አቁሞ መተኛት የሁሉም መብት አልነበረም። ጥቁር ቤተሰብ ጉዞ ሲወጣ ቪክቶር ግሪን የሚባል የሃርለም ሰው ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረውን መመሪያ ይይዛል፤ የትኛው ሆቴል እንደሚቀበላቸው ለማወቅ። ስታይንቤክ ይሄን አልሸሸም። ከምዕራቡ ሲመለስ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ፣ የ6 ዓመቷ ሩቢ ብሪጅስ የገባችበት ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ነጭ ሴቶች ሲሳደቡ አይቶ ጽፏል። እዚያ ያየውን ጩኸት የጊዜው ጋዜጦችና ፎቶዎች ይመሰክሩለታል።

ታዲያ ምን ልበላችሁ? ውሸታም ነው ብዬ መጽሐፉን አልጥለውም። ኮዮቲዎቹን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፣ እኔ ግን አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን አትጠይቁኝ። ልጁ ቶም በኋላ እንደተናገረው አባቱ መሞቻው እንደቀረበ እያወቀ ነው የወጣው። ካሊፎርኒያ ሲደርስ ፍሪሞንት ፒክ ላይ ወጥቶ የተወለደበትን የሳሊናስ ሸለቆ ቁልቁል ያያል። ያቺ ገጽ ስንብት ናት። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ አረፈ። ሮሲናንቴ ዛሬም ሳሊናስ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ግን የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ብዬ ያስተማርኳችሁን አርሙልኝ። ስለዚያ ጉዞ ከመጽሐፉ ይልቅ ከቢች የተላከችው ደብዳቤ ትሻላለች። ለአንባቢ ሳይሆን ለሚስቱ ነው የጻፋት። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ስገባ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የምጀምረው። ያኔ ተጠራጥራችሁ እጅ ያወጣችሁ ካላችሁና «ቁጭ በል» ብያችሁ ከሆነ ይቅርታ።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ የሞንታናውን ፎቶ መልሼ አየሁት። ልጁ ከነሙሉ ቁመቱ ቆሟል፣ ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው፣ መኪናው ከኋላው። «ፎቶውን ማን አነሳህ?» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም፤ እየነዳ ይሆናል።